«ሻወር ወሰድኩ» — «የት ወሰድከው?»

ያዘዛችሁት ምግብ እስኪቀርብ ወይም ቡናው እስኪፈላ ድረስ አንድ ጨዋታ ላጫውታችሁ። በጨዋታው መጨረሻ ቁም ነገር ስላለኝ፣ ሂሳብ ከፍላችሁ ቶሎ እንዳትነሱብኝ አደራ።

በረዶው ጉልበት በደረሰበት አንድ ቅዳሜ ጠዋት የአሥራ አራት ዓመት ጎረምሳ የሆነ ተማሪዬ ግማሽ ሰዓት ዘግይቶ ገባ። «ምነው ዘገየህ?» አልኩት። «ሻወር ወሰድኩ» አለኝ። እኔም «ገላዬን ታጠብኩ» እንዲለኝ ፈልጌ «የት ወሰድከው?» ብዬ ጠየቅኩት። ልጁ ግራ ገባው። ጓደኞቹን ዞር ዞር ብሎ አየና፣ እንደ ተከሰሰ ሰው ሁለት እጁን ዘርግቶ «የትም አልወሰድኩትም፤ እዛው ቤት ነው ያለው» አለ። ክፍሉ በሳቅ ተናጋ። እሱም እንደኛው ሳቀ፤ ከዚያም ቁጭ ብሎ ደብተሩን ከፈተ።

በሙያዬ አስተማሪ አይደለሁም። ሆኖም ላለፉት ጥቂት ዓመታት ቅዳሜ ቅዳሜ ሴንት ፖል ውስጥ በተዋስናት አንዲት ክፍል ለአሥራ አንድ ወጣቶች አማርኛ አስተምራለሁ። ሁሉም እዚሁ ተወልደው ወይም በሕፃንነታቸው መጥተው ያደጉ ናቸው። ወደው የሚመጡት ሁለት ናቸው፤ የቀሩትን እናቶቻቸው ስልካቸውን እየያዙባቸው ነው የሚልኳቸው። እኔም ይህን አውቄ ነው የምጀምረው።

እስቲ ጥቂት ልንገራችሁ። የምሳ ጨዋታ እየተለማመድን አንዷን «ጨው ስጪኝ በይ» አልኳት። «ጨ» የምትባለው ፊደላችን ለእንግሊዝኛ ምላስ ከባድ ናት፤ ጉሮሮን ቆለፍ አድርጎ መልቀቅን ትጠይቃለች። ልጅቱ «ቻው ስጪኝ» አለች። አጠገቧ ያለው ልጅ ምንም ሳይስቅ እጁን እያወዛወዘ «ቻው» አላት። ከዚያን ቀን ጀምሮ በክፍላችን ጨው ሲፈለግ እጅ ይወዛወዛል።

ሌላ ጊዜ ደግሞ «አዲስ አበባ የኢትዮጵያ ዋና ከተማ ናት» የሚል ዓረፍተ ነገር ሰሌዳ ላይ ጻፍኩ። አንዱ «ዋና»ን ሳያጠብቅ፣ ውኃ ውስጥ እንደሚዋኘው ዋና አድርጎ አነበበውና «የመዋኛ ከተማማ ሚኒያፖሊስ ናት፤ ሐይቅ ያላት እሷ ናት። አዲስ አበባ ሐይቅ አላት እንዴ?» ብሎ ጠየቀኝ። ፊደላችን የሚጠብቀውንና የሚላላውን ለይቶ አይጽፍምና ልጁ ምን ያድርግ? «ገና» ልደት ይሁን «ገና ነው» ይሁን፣ «ሰፊ» ልብስ ሰፊ ይሁን ሰፊ ሜዳ፣ እኛ የምናውቀው ስለምናውቀው ብቻ ነው። ሁለት መቶ ሠላሳ አንዱን ፊደል ከነዲቃላዎቹ አጥንቶ የመጣ ልጅ የጎደለውን ከየት ያምጣው?

ስለ አክብሮት አነጋገር ባስተማርኩበት ሳምንት ደግሞ ለታላቅ ሰው «እርስዎ»፣ ስለ ታላቅ ሰው ስናወራም «እሳቸው» እንደምንል አስረዳሁ። በሚቀጥለው ቅዳሜ ስለ ቤተሰባችሁ ጻፉ ብዬ ሳዝዝ አንዷ እንዲህ ብላ አነበበች፦ «አባቴ ሥራ ሄደ። ወንድሜ ጌም ይጫወታል። ውሻችን በልተው ተኝተዋል።» ለምን ብዬ ብጠይቃት «በሰው ዕድሜ ሲቆጠር እኮ ሰባ ዓመታቸው ነው» አለችኝ። ምን ይባላል? ውሻው ዕድሜ ይስጣቸው።

በሰዓት ጉዳይማ ተሸንፌአለሁ። «ቀናችን ፀሐይ ስትወጣ ይጀምራል፤ ስለዚህ ከጠዋቱ ዘጠኝ የምትሉት ለኛ ሦስት ሰዓት ነው» ብዬ ሳስረዳ፣ አንዱ «እዚህ በዲሴምበር ፀሐይ የምትወጣው ስምንት ሊሆን ሲል ነው፤ ያን ጊዜ ሰዓቱ ይቀየራል?» አለኝ። የኢትዮጵያ ፀሐይ ዓመቱን በሙሉ ቃሏን የምትጠብቅ፣ የሚኒሶታ ፀሐይ ግን በክረምት ሥራ የምትለግም መሆኗን ነግሬ አለፍኩት።

እንግዲህ እዚህ ድረስ ሳቅ ነው። አሁን ግን ያላማረብኝን ልንገራችሁ።

ከተማሪዎቼ ሁሉ በጣም የምትተጋ አንዲት ልጅ ነበረች። ሃይስኩል ስትጨርስ ወላጆቿ ጓሯቸው ውስጥ ድንኳን ተክለው፣ እንጀራውን ደርድረው፣ ወዳጅ ዘመዱን ሁሉ ጠሩ። እኔም ተጠርቼ ሄድኩ። ልጅቱ ማንም ሳያዛት ድምፅ ማጉያውን ያዘችና በአማርኛ መናገር ጀመረች። ወረቀት አልያዘችም፤ በቃሏ ነበር ያጠናችው። ጥሩ እየሄደች ሳለ «እናቴና አባቴ ስላሳደጉኝ አመሰግናለሁ» ለማለት ፈልጋ አንዲት ፊደል ሳተችና «እናቴና አባቴ ስላሳደዱኝ አመሰግናለሁ» አለች።

ድንኳኑ በሳቅ ተሞላ። አንዱ «ልክ ናት፣ በሒሳብ አሳደዋታል!» ብሎ ጮኸ፤ ሳቁ ባሰ። ልጅቱ መጀመሪያ አብራን ልትስቅ ሞከረች። ምኑ እንዳሳቀን ግን አልገባትም። ቀጥሎ ፊቷ ተለወጠና በእንግሊዝኛ «ኔቨር ማይንድ፣ ታንክ ዩ ኤቭሪባዲ» ብላ ድምፅ ማጉያውን አስቀመጠች። በዚያ ድንኳን ውስጥ ከሁሉ አብልጦ የሳቀው፣ ወገኖቼ፣ አስተማሪዋ ነኝ የምለው እኔ ነበርኩ። በዚህም አላበቃሁም፤ በሚቀጥሉት ሳምንታት በየቡናው ላይ ታሪኩን ስተርት ከረምኩ።

ቅዳሜ መጣ፣ አልመጣችም። ሌላውም ቅዳሜ እንደዚያው። እናቷን ባገኛት «ምን ሆነች አላውቅም፤ በአማርኛ ሳናግራት በእንግሊዝኛ ነው የምትመልስልኝ» አለችኝ። እኔ ግን ምን እንደሆነች አወቅሁ።

ቤታቸው ሄድኩ። በአማርኛ ይቅርታ ብጠይቃት አሁንም አዋቂው እኔ ልሆን ነውና በእንግሊዝኛ ልጠይቃት ወሰንኩ። «አይ አም ሶሪ ፎር ላፍ ዩ» አልኳት። ለጥቂት ጊዜ ዝም ብላ አየችኝና ቀስ ብላ «ፎር ላፊንግ አት ዩ» ብላ አረመችኝ። አልሳቀችም። እኔ ተከትዬ ደገምኩ፤ እሷም ራሷን ነቀነቀች። ይህን ታሪክ ጋዜጣ ላይ ብጽፈው ትፈቅጂልኛለሽ ወይ ብዬ ስጠይቃት፣ እሺ፣ ግን የራስህንም ትጽፋለህ አለችኝ። ስለዚህ ዕዳዬን ልክፈል።

እዚህ አገር እንደመጣሁ ሰሞን ሥራ አገኘሁ። ያኔ በዩኒቨርሲቲ አቬኑ ባቡሩ አልነበረም፤ እኛን የሚያመላልሰን ቁጥር 16 አውቶቡስ ነበር። አንድ ቀን አረፈድኩ። አለቃዬ ሰዓቱን አይቶ «ዩ አር ሌት። ሃው ካም?» አለኝ። እኔ በምን መጣህ ያለኝ መስሎኝ ደረቴን ነፍቼ «ባይ ባስ። ነምበር ሲክስቲን» አልኩት። ሰውየው አፉን ይዞ ወደ ውስጥ ገባ። ሲመለስ ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር፤ ግን ቁጭ አድርጎ «ሃው ካም» ማለት «ለምን» ማለት መሆኑን አስረዳኝ።

ሁለተኛው ከዚህ ይብሳል። የሥራ ባልደረቦቼ ለምሳ ግብዣ ሲሰባሰቡ «ኤቭሪባዲ ብሪንግ ኤ ዲሽ» የሚል ማስታወቂያ ተለጠፈ። ምግብ ይዛችሁ ኑ ማለት መሆኑን እኔ ምን አውቄ? ሳህን አነሳቸው ብዬ ቤቴ ካሉኝ ሦስት ሳህኖች ጥሩውን አጥቤ፣ በጋዜጣ ጠቅልዬ ይዤ ሄድኩ። ጠረጴዛው በሆትዲሽና በኬክ ተሞልቷል። እኔ ባዶ ሳህኔን ይዤ ቆምኩ። እውነቱ ሲገባኝ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። አንዲት ፀጉሯ የሸበተ የሚኒሶታ ሴት ግን ሳህኑን ከእጄ ተቀብላ «እንኳን ይዘህ መጣህ፤ ሳህን ሊያንሰን ነበር» አለችና የራሷን ኬክ ቆርሳ በእኔው ሳህን ላይ አቀረበችው። ሳህን እንዳላነሳቸው እሷም ታውቃለች፣ እኔም አውቃለሁ። ያቺ ሴት በዚያ ቀን ብትስቅብኝ ኖሮ፣ ዛሬ በእንግሊዝኛ ደፍሬ መናገሬን እንጃ።

እንግዲህ ጥያቄዬ ይህ ነው፦ ለእኔ የተደረገልኝን ለገዛ ልጆቻችን መንፈግ ለምን?

አንድ ፈረንጅ ምግብ ቤት ገብቶ ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ላይ «እንዴት አደርክ» ቢለን ምን እናደርጋለን? እናጨበጭባለን። «አማርኛህ ጎበዝ ነው! ማን አስተማረህ?» እንላለን፤ ሻይ በነፃ የሚጋብዝም አይጠፋም። የራሳችን ልጅ ግን አንዲት ፊደል ብትስት «አማርኛዋን አያችሁልኝ?» እየተባለች መሳቂያ ትሆናለች። ለእንግዳው የምንሰጠውን ትዕግሥት ለልጃችን የምንነሳበት ምክንያት ምንድነው? ምናልባት ልጃችን የእኛ ስለሆነች፣ ማወቅ ግዴታዋ ነው ብለን ይሆናል። ግን ከማን ልታውቅ? እኛ ሁለት ሥራ እየሠራን፣ እሷን ቴሌቪዥን እያሳደጋት?

በዕድሜ ገፋ ያላችሁ አንባብያን የፒስ ኮር አስተማሪዎችን ታስታውሳላችሁ። የመጀመሪያዎቹ፣ ሦስት መቶ ለመሙላት ጥቂት የቀራቸው፣ እ.ኤ.አ. በ1962 አገራችን ገብተው አብዛኞቹ በየጠቅላይ ግዛቱ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ተመደቡ። የቡድኑ ኃላፊ የነበሩት ሃሪስ ዎፎርድ በኋላ የፔንሲልቬኒያ ሴናተር ሆኑ፤ ወሊሶ ያስተማረው ፖል ሶንጋስም የማሳቹሴትስ ሴናተር ሆኖ እ.ኤ.አ. በ1992 ለፕሬዚዳንትነት እስከ መወዳደር ደርሷል። እነዚያ ወጣቶች እንግሊዝኛ ሊያስተምሩን መጥተው አማርኛ ከእኛ ይማሩ ነበር። ወንዱን «አንቺ»፣ ሴቲቱን «አንተ» ሲሉ ተማሪው ይስቅ ነበር፤ ግን ቤቱ ወስዶ፣ እናቱ ቡና አፍልታ፣ አጉርሳ ትሸኛቸው ነበር። አስተማሪውም የተማሪውን እንግሊዝኛ እየሰማ ሳቁን ዋጥ ያደርጋል። ሁለቱም ወገን ስለሚሳሳት ማንም በማንም ላይ አልከበደም። እኛና ልጆቻችንም ዛሬ ልክ እንደዚያ ነን፤ እነሱ በአማርኛ ይሳሳታሉ፣ እኛ በእንግሊዝኛ። ሚዛኑ እኩል ነው።

ደግሞስ ስሕተት ስሕተት ብለን የምንሸሸው ነገር እኮ ስንት ቃል ወልዷል! የጅቡቲው ባቡር እ.ኤ.አ. በ1917 አዲስ አበባ ሲደርስ ፈረንሳዮቹ ጣቢያውን «ላ ጋር» አሉት። አያቶቻችን ምላሳቸው እንደታዘዘላቸው «ለገሃር» አሉት። ዛሬ ለገሃርን «ተሳስታችኋል» የሚል ማን አለ? ሳንቲማችንም ከፈረንሳዩ «ሳንቲም»፣ መኪናችንም ከጣሊያኑ «ማኪና» የመጡ ናቸው።

ይህች የምንኖርባት ሚኒሶታም ከኛ አትሻልም። ሴንት ፖል ስሟን ያገኘችው ፈረንሳዊው ቄስ ሉስየን ጋልቲየ እ.ኤ.አ. በ1841 ካሠሯት ትንሽ የእንጨት ጸሎት ቤት ነው። እስከ 2024 ድረስ በስቴቱ ባንዲራ ላይ «የሰሜን ኮከብ» የሚል የፈረንሳይኛ ጽሑፍ ነበር። ኒኮሌትና ሄነፒን ብለን በየቀኑ የምንነዳባቸው ጎዳናዎች የፈረንሳይኛ ተናጋሪዎች ስም ናቸው። «ሺህ ሐይቆች» የተባለውን ቦታ የአገሩ ሰው «ሚላክስ» ይለዋል። ፓሪስ የተወለደ ሰው እነዚህን ስሞች በአውቶቡስ ድምፅ ማጉያ ቢሰማ የራሱ ቋንቋ መሆናቸውን ለማወቅ ጊዜ ይፈጅበታል። እንዲህ ያለ አገር ላይ ተቀምጦ በልጅ ምላስ መሳቅ አያምርም።

አሁን ወደ ዋናው (ወደሚጠብቀው ማለቴ ነው) ጉዳይ ልግባ። እዚህ አገር ከኛ በፊት ኖርዌዮች መጥተው ነበር። ቤተ ክርስቲያናቸውም ትምህርታቸውም በቋንቋቸው ነበር። «ሚኒያፖሊስ ቲደንዴ» የሚባል የኖርዌይኛ ጋዜጣ እዚሁ ከተማ ይታተም ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1935 ቆመ። ዛሬ የነዚያ ሰዎች የልጅ ልጆች ምን ቀራቸው? ሥራ ቦታችሁ ጠይቋቸው። አንድ ከባድ ነገር ሲያነሱ «ኡፍ ዳ!» ይላሉ። በገና ደግሞ ሽታው የሚያባርር ሉተፊስክ የሚባል ዓሣ ይበላሉ። በቃ። አንድ ቃልና አንድ ምግብ።

እኛስ? እንጀራውን አልጠራጠርም፤ እንጀራ ይቀራል። ቃሉ ምን ይሆን? ልጆቻችን ተለያይተው ሲሄዱ የሚሉትን ሰምቻለሁ፤ «ቻው» ነው የሚሉት። እሱም የጣሊያን ነው!

አንዳንዶች «አማርኛ እዚህ ምን ያደርግላቸዋል?» ይላሉ። የዚህ አገር ሰው መልሱን በገንዘቡ ነግሮናል። የሙርሄዱ ኮንኮርዲያ ኮሌጅ እ.ኤ.አ. ከ1961 ጀምሮ በሚኒሶታ የቋንቋ መንደር ያካሂዳል፤ ወላጆች ልጆቻቸውን በበጋ ወደ ጫካ ልከው ፈረንሳይኛና ጀርመንኛ የሚያስተምሩት ከፍለው ነው። የኛ ልጅ አያቷ ወጥ ቤት ተቀምጠው በነፃ የሚሰጡትን ነው የምትጥለው። በተጨማሪም እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣ የሚኒሶታ ሕግ አለ። ከእንግሊዝኛ ሌላ ቋንቋ መናገር፣ መስማት፣ ማንበብና መጻፍ መቻሉን በፈተና ያሳየ የሃይስኩል ተማሪ የወርቅ ወይም የፕላቲነም ማኅተም ያገኛል፤ ይህም በሚኒሶታ ስቴት ሥርዓት ሥር ባሉ ኮሌጆችና ዩኒቨርሲቲዎች የኮሌጅ ክሬዲት ያስገኛል። በአማርኛም የሚሰጥ ፈተና አለ። ተማሪው ክሬዲቱን ሃይስኩል ከጨረሰ በሦስት ዓመት ውስጥ መጠየቅ አለበት። የልጃችሁን ካውንስለር ጠይቁ። ክሬዲት ማለት ገንዘብ ነው፤ ይህን እንኳ ለሀበሻ ወላጅ ማስረዳት አያስፈልግም።

በዚህ ስቴት ብዙ ወገኖቻችን የአፍ መፍቻቸው አፋን ኦሮሞ፣ የሌሎቹም ትግርኛ ወይም ሌላ የአገራችን ቋንቋ ነው። የምለው ለሁሉም ነው። ልጅ የሚሳቅበት ቋንቋ፣ የትኛውም ይሁን፣ ልጅ የሚተወው ቋንቋ ነው።

«ታዲያ አይታረሙ?» የሚለኝ አይጠፋም። ይታረሙ እንጂ! ግን ሦስት ነገር እለምናለሁ። አንደኛ፣ ልጁ ሐሳቡን ሳይጨርስ አታቋርጡት። ሁለተኛ፣ «ሻወር ወሰድኩ» ሲላችሁ «ገላህን ታጠብክ? ጎበዝ» በሉት፤ ትክክለኛውን ሰማ፣ ማንም አላፈረም። ሦስተኛ፣ በእንግዳ ፊት «እስቲ ያቺን ነገር በላቸው» ብላችሁ ለመሳቂያ አታቅርቡት። መሳቅ ካማራችሁ የራሳችሁን «ሃው ካም» ቀድማችሁ ንገሯቸው። ቤት ውስጥ የሚሳሳተው እነሱ ብቻ አለመሆናቸውን ሲያዩ ምላሳቸው ይፈታል።

ያ የሻወሩ ጎረምሳ ባለፈው ሰሞን አገር ቤት ያሉት አያቱ ታመው ነበር። በስልክ ሊያነጋግራቸው ፈልጎ «አይ ሚስ ዩ»ን ለብቻው ሲያሰናዳ ከረመ። እንደምታውቁት በተለመደው አነጋገራችን ነገሩ ከእንግሊዝኛው የተገለበጠ ነው፤ «ናፈቁኝ» ማለት ነበረበት። እሱ ግን «እማማ፣ ናፈቅኩዎት» አላቸው። ናፍቄዎታለሁ፣ እኔ ነኝ የናፈቅኩዎት ማለቱ ሆነ። እናቱ ልታርመው አፏን ስትከፍት አሮጊቷ ከወዲያ «አዎ ልጄ፣ ናፈቅከኝ! በጣም ናፈቅከኝ! በማን ቋንቋ አወቅህብኝ?» ብለው አለቀሱ። እናቱም አፏን መልሳ ዘጋች።

ያቺ ልጅ አሁን ኮሌጅ ገብታለች። ወደ ክፍላችን ትመለስ እንደሆነ አልነገረችኝም፣ እኔም አልጨቀጨቅኳትም። ባለፈው ሳምንት ግን ይህን ጽሑፍ ሳላወጣው አነበብኩላት። ስጨርስ ለአንድ አፍታ ዝም አለችና በአማርኛ «ጥሩ ነው። ግን በጣም ረዘመ» አለችኝ። ሰዋስዉ እንከን የለውም።

ምክሯን ተቀብዬ እዚህ ላይ አበቃሁ። ቅዳሜ ከጠዋቱ አራት ሰዓት፣ በሀበሻ ሰዓት ማለቴ ነው፣ ልጆቻችሁን ላኩልን። ቸር ይግጠመን።